ታሪካችን የሞላው ሰርቨር

በደም ባንኩ ውስጥ እንደሷ ያለ መራራ ምላስ ያለው ሰው አልነበረም። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ኮምጣጤ» ይሏታል። ታውቃለች፤ ደስ ይላታል እንጂ አይከፋትም። ሥራዋ የመሥሪያ ቤቱን የኢሜይል ሰርቨር መጠበቅ ነው። ከደረጃው ሥር በተከፈለች፣ መስኮት በሌላት፣ ማራገቢያው ሲያጓራ በሚውልባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች። በሩ ላይ ብቅ የሚለው ሰው ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ ምን አበላሽቶ እንደመጣ ትነግረዋለች።

«ፓስወርድህ ጠፋህ፤ አይደል? የገዛ ልደትህን አድርገኸው እንዴት ይጠፋሃል? ከነልደትህ ነው የረሳኸው?» ትልና ሰውዬውን ቁልቁል ታየዋለች። ቁመቷ አጭር ነው፤ ግን ተቀምጣም ቢሆን ቁልቁል ማየት ትችልበታለች።

ሰው ሁሉ በሷ ዘንድ ከመጤፍ አይቆጠርም። ከሁሉ አብልጣ የምትንቀው ግን ዳይሬክተሩን ነበር።

ሰውዬው ደልደል ያለ፣ ኮቱ የማይጨማደድ፣ ድምፁ ከራሱ ቀድሞ ኮሪደር የሚገባ ነው። ስለማንኛውም ነገር «ይህ እኮ ታሪካችን ነው!» ማለት ይወዳል። አሮጌ ማቀዝቀዣ ሲወገድ ታሪካችን ነው። የአምቡላንሱ ጎማ ሲቀየር አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፤ እሱም ታሪካችን ነው። ሠራተኛው ወላጆቹ ያወጡለትን ስም ትቶ «ታሪካችን» ብሎ አወጣለት። ይህ ሰው በወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ጀምሮ አጥብቆ የያዘው ሥራ ቢኖር ለሠራተኛው ሁሉ ኢሜይል መላክ ነው። ጠዋት «የዕለቱ ሐሳብ» ይልካል። ከሰዓት በኋላ «የዕለቱን ሐሳብ በተመለከተ» የሚል ማብራሪያ ያስከትላል። ከሁለቱም ጋር ፎቶ ይያያዛል፤ ሪባን ሲቆርጥ፣ ማይክ ጨብጦ ጣቱን ሲቀስር፣ ስብሰባ ላይ ውኃ ሲጠጣ። ፎቶዎቹ ከካሜራው እንደወጡ፣ ምንም ሳይቀነሱ ነው የሚላኩት።

«ውኃ ሲጠጣ የተነሳውን ፎቶ ለመሥሪያ ቤት ሕዝብ የሚበትን ምን ዓይነት ፍጡር ነው?» ብላ ኮምጣጤ አንድ ቀን ታላቅ እህቷን ጠየቀቻት።

ታላቅ እህቷ የዳይሬክተሩ ጸሐፊ ናት። እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገቻት፣ ያስተማረቻት፣ አሁንም ባንድ ቤት አብራት የምትኖር እሷ ናት።

«ጠምቶት ይሆናላ» አለች እህቷ፣ ሽንኩርቷን እየከተፈች።

«እትዬ፣ አንቺ ደግሞ ‹አቤት ጌታዬ፣ እሺ ጌታዬ› እያልሽ ለዚህ ሰውዬ ስትሽቆጠቆጪ ሳይ ያመኛል።»

«አንቺን ያላመመሽ ምን አለ?»

ኮምጣጤ እህቷን ትወዳታለች። ግን እውነቱን ለመናገር እሷንም ትንቃታለች። ያን ያህል ብልህ ሴት፣ የዚህን ባዶ ሰው ኮት ከመስቀያው ላይ አውርዳ ስታለብስ ማየት ቆሽቷን ያሳርራታል። አንድ ጊዜ እንኳ ፊቷን ስታጠቁርበት፣ አንድ ጊዜ እንኳ ስትገላምጠው ባየች ምንኛ ደስ ባላት!

አሁን ነገሩ እንዲገባ ስለ ሰርቨሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሆስፒታሎች ደም ሲፈልጉ ለደም ባንኩ ኢሜይል ይልካሉ። ጥያቄው ወደ ደም ክፍሉ ይገባል፤ የክፍሉ ኃላፊ አይተው፣ ከረጢቱን ከማቀዝቀዣ አውጥተው፣ ሾፌር ይልካሉ። የሰርቨሩ ፕሮግራም ደግሞ መልእክቶችን አንድ በአንድ አያስቀምጥም። የብዙ ሰው መልእክት ባንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ እንደ ጆንያ ይታጨቃል። የማን መልእክት በየትኛው ጆንያ፣ ከየት እስከ የት እንዳለ የሚያውቀው ማውጫው ነው። ሰው «አጥፋ» የሚለውን ሲጫን ከማውጫው ላይ ብቻ ይሰረዛል፤ መልእክቱ ራሱ ጆንያው ውስጥ እንደታጨቀ ይቀራል። እሱን ከጆንያው አራግፎ ቦታ የሚያስለቅቀው ሌላ የማጽጃ ትዕዛዝ ነው። ያንን የምታዘው ኮምጣጤ ናት።

ዲስኩ እየሞላ መምጣቱን ያየችው ገና ቀደም ብሎ ነበር። የሠራተኛውን የኢሜይል ሣጥኖች በየመጠናቸው ብትደረድር የዳይሬክተሩ ከሁሉ በላይ ተራራ ሆኖ ወጣ። ደረጃውን ወጥታ ቢሮው ገባች።

«ከሣጥንዎ የድሮ የድሮውን ካላጠፋን ሰርቨሩ ይሞላል» አለችው።

ዳይሬክተሩ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ። «የኔ እህት፣ ያ እኮ ታሪካችን ነው። ታሪክ ይጠፋል?»

«ታሪኩ እኮ ውኃ ሲጠጡ ነው።»

ፋይል ይዛ ከጎን ቆማ የነበረችው እህቷ ክርኗን ቆነጠጠቻት። ዳይሬክተሩ ወደ መስኮቱ ዞረና ከውጭ ላለው ዛፍ የሚናገር ይመስል «ባለሙያ መፍትሔ ያመጣል እንጂ ታሪክ አጥፉ አይልም» አለ።

ደሟ ፈልቶ ወረደች። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችና ለራሷ «እንኪያስ ይሙላ! ይሙላና ይየው!» አለች። ያን ቀን የማጽጃ ትዕዛዙን አቆመችው። የሱን ጥራጊ ደግሞ እኔ ልጠርግለት ነው? ብላ። ሠራተኛው በየቀኑ የሱን ኢሜይል «አጥፋ፣ አጥፋ» እያለ ይጥላል፤ የተጣለው ሁሉ ግን ጆንያው ውስጥ መከማቸቱን ቀጠለ። ኮምጣጤ የዲስኩ ቦታ እየጠበበ ሲሄድ እያየች ለማንም አልተነፈሰችም። ለደም ክፍሉ ኃላፊ እንኳ አልነገረችም። እንዲያውም፣ ማመን ካለባት፣ እያየች አንጀቷ ቅቤ ይጠጣ ነበር።

ዲስኩ ጢም ብሎ የሞላው እሷ በሌለችበት ዕለት ነው። የመንጋጋ ጥርሷ አላስተኛ ብሏት ፈቃድ ጠይቃ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ጥርሱ ተነቀለ፤ ስልኳን ዘግታ፣ ጉንጯ ላይ ጨርቅ አስራ እቤቷ ተኛች።

በዚያ ዕለት ጠዋት ለደም ባንኩ የሚላክ ኢሜይል መግባት አቆመ። የመጀመሪያው ጩኸት የዳይሬክተሩ ነበር፤ የዕለቱ ሐሳብ አልሄድ ብሎት። ሰርቨሩን የምታውቀው ሴት የለችም ሲሉት ፊቱ በራ። የሚስቱን ወንድም ጠራ።

የሚስቱ ወንድም በቤተሰቡ ውስጥ «ኤክስፐርቱ» ይባላል። ከስልክ መሸጫ ሱቁ ተነስቶ፣ የፀሐይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ መጣ። ዳይሬክተሩ ጸሐፊውን «ካዝና ውስጥ ያለውን የሰርቨሩን ፓስወርድ ስጪው» አላት። ሰጠችው። ኤክስፐርቱ ደረጃው ሥር ገብቶ ፋይሎቹን በየክብደታቸው ደረደረ። ትልልቆቹ ላይ በሙሉ ምልክት አደረገና «ከባድ ከባዱን መንቀል ነው!» ብሎ ነቀላቸው። ስለ ማውጫ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ የነቀለው ጆንያ ውስጥ የማን መልእክት እንዳለም አልጠየቀም። ዲስኩ ተነፈሰ። ዳይሬክተሩ በደስታ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው፤ ሻይ ታዘዘለት፤ ፎቶ ተነሱ፤ ሄደ።

እሱ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ጉድ ፈላ። ማውጫው «እዚህ አለ» የሚለው መልእክት ሲከፈት ባዶ ይሆናል። የአንዱ ሣጥን ርዕሶቹን ደርድሮ ያሳያል፣ ውስጡ ግን ነጭ ነው። የሌላው ጨርሶ አልከፈት ይላል። የደም ክፍሉ ሣጥን እንደተቆለፈ በር ቀጥ ብሎ ቀረ።

ኮምጣጤ በማግስቱ ጠዋት ጉንጯ እንደ ኳስ አብጦ ስትመጣ የደም ክፍሉ ኃላፊ በሯ ላይ ቆመው ጠበቋት። ጋሼ ትላቸዋለች። ነጭ ጋዋናቸው ሁልጊዜ እስከ አንገታቸው የተቆለፈ፣ ቃል የማያባክኑ አዛውንት ናቸው። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የማትንቃቸው ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«ትናንት ከእናቶች ሆስፒታል ጥያቄ ተልኮ ነበር» አሉ። «ስትወልድ ደም የፈሰሳት ሴት ነበረች። ደሟ ብዙ ሰው የሌለው ዓይነት ነው። ሐኪሙ ኢሜይሉን ልኮ፣ ደሙ በመንገድ ላይ ነው ብሎ ይጠብቃል። እኔ እዚህ ተቀምጬ ምንም አልሰማሁም። በኋላ ቸግሮት ደወለ። ስልኩ ላይ ሲጮህብኝ ምን እንደሚል እንኳ አልገባኝም ነበር።»

«ደረሰላት?» የጥርሷ ቦታ እየጠዘጠዛት ቃሉ ተኮላተፈባት።

«ደረሰላት። ሾፌሩ በመንገዱ ዳርና ዳር እየተሽሎከሎከ ሄዶ አደረሰ። ከንፈሯ እንደ ወረቀት ነጭ ሆኖ ነበር አሉ። አሁን ደህና ናት፤ ሕፃኑም ደህና ነው።»

ኮምጣጤ ተነፈሰች። ከዚያ እንደ ልማዷ ቁጣዋ ቀደማት። «ያ ደንቆሮ! ያ ባዶ ቅል! ስልክ ሻጭ አምጥቶ…»

«ሰርቨሩ እንደሚሞላ አውቀሽ ነበር?» አሏት አዛውንቱ።

የክፍሏን ቁልፍ ከቦርሳዋ መፈለግ ጀመረች።

«አውቀሽ ነበር ወይ ነው የምልሽ።»

«ለሱ ነግሬዋለሁ። እምቢ አለ።»

«ለኔስ?»

ቁልፉን በሩ ላይ ሰካች። አዛውንቱ «እሱ ሞኝ ነው፤ ሞኝነቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንቺ ግን ሞኝ አይደለሽም» ብለው ወደ ክፍላቸው ሄዱ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ኮምጣጤን ማንም ተሳድቦ ያን ያህል አሳምሟት አያውቅም። የማጽጃውን ትዕዛዝ በእልህ ማቆሟን ደግሞ እሳቸው አያውቁም፤ እሷ ታውቃለች።

ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ኤክስፐርቱ የሠራውን አየች። እያየች የስድብ ዓይነት ሁሉ በአእምሮዋ አለፈ፤ አፏ ግን አልታዘዝ አላት። ከዚያ ሥራዋን ጀመረች። መጀመሪያ የደም ክፍሉ ጥያቄ በስልክ እንዲሆን ለሆስፒታሎቹ አስደወለች። ቀጥሎ ሰርቨሩ አዲስ መልእክት እንዳይቀበል አቆመችው፤ እየተነካካ ያለ ነገር አይጠገንም። የላኪዎቹ ሰርቨሮች መልእክቶቻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ በሩ ሲከፈት መልሰው ይልካሉ። ከዚያ የተረፈውን ሁሉ፣ የተበላሸውንም ጭምር፣ እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠች። የሚጠግን ሰው ራሱ ቢሳሳት መመለሻ ይኑረው ብላ ነው። የተነቀሉትን ጆንያዎች ደግሞ ሰርቨሩ በየሌሊቱ ከሚይዘው መጠባበቂያ ቅጂ አውጥታ፣ ቦታ እንዳያንስ ለጊዜው አንድ ትርፍ ዲስክ ጨምራ፣ በቦታቸው መለሰች።

ቅጂው እየተገለበጠ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ኤክስፐርቱ ነበር። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው።

«እህቴ፣ ትንሽ ችግር ተፈጥሯል ሲሉ ሰምቼ ላግዝሽ ብዬ ነው።»

ኮምጣጤ ያበጠ ጉንጯን ይዛ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «አንተ ስልክ ስትጠግን ከባድ ከባዱን ነው እንዴ የምትነቅለው?»

«እንዴት?»

«ባትሪው ከባድ ነው። ባትሪውን ነቅለህ ጥለህ ስልኩ ቀለለ ትላለህ?»

ኤክስፐርቱ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት። «እኔ ያደረግሁት ቦታ ማስለቀቅ ነው። አልቀለለም?»

«ቀሏል። በሩን ዝጋው። ከውጭ በኩል።»

ከሰዓት በኋላ እህቷ ሙቅ ሾርባ በፔርሙስ ይዛ ወረደች። ኮምጣጤ ከስክሪኑ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ «ፓስወርዱን ለምን ሰጠሽው?» አለቻት።

«ስጪ አለኝ፤ ሰጠሁ።»

«ቁልፉ ጠፋ ማለት ያቅትሽ ነበር? ካዝናው አልከፈት አለ ማለት ያቅትሽ ነበር? እትዬ፣ እስከመቼ ነው ለዚህ ሰውዬ የምትሰግጂው?»

እህቷ ፔርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «እኔ ለሱ ስሰግድ አንቺ እሱን ስትንቂ፣ ሁለታችንም ያው ቀኑን ሙሉ እሱን ስናይ ነው የምንውለው። ልዩነቱ እኔ ሥራዬን እየሠራሁ ነው። ንቀት ሥራ መሰለሽ እንዴ?»

«እኔ ሥራዬን አልሠራም?»

«ጋሼ የነገሩሽን ሰምቻለሁ» አለች እህቷ ቀስ ብላ። «ሾርባሽን ጠጪ። ሲበርድ ጥርስሽን ይነካዋል።» ወጣች።

ሾርባው ሳይጠጣ ቀዘቀዘ። ኮምጣጤ የጥገናውን ትዕዛዝ ሰጠች፤ ሰርቨሩ እያንዳንዱን ጆንያ ፈትሾ፣ ያገኘውን መልእክት ሁሉ ቆጥሮ፣ ማውጫውን እንደ አዲስ እንዲጽፍ። ይህ ጥገና አንድ ጠባይ አለው፤ ታውቀው ነበር። ማውጫው ሲፈርስ የትኛው መልእክት ተሰርዞ እንደነበረ የሚናገር መዝገብም አብሮ ይፈርሳል። ስለዚህ ጥገናው ጆንያው ውስጥ ያገኘውን ሁሉ በሕይወት ያለ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሰው የጣለው፣ ግን በማጽጃው ያልተራገፈው መልእክት ሁሉ ወደ ባለቤቱ ሣጥን ተመልሶ ይገባል፤ ያልተጣለው በቦታው ሲቆይ፣ የተመለሰው ገና እንደመጣ ሆኖ ከላይ ይደረደራል። ማጽጃውን እሷው ናት ያቆመችው። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ሠራተኛው ያጠፋው ሁሉ ይመለሳል። ሠራተኛው ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚያጠፋው ምን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ማውጫው ተጽፎ ሲያልቅ የደም ክፍሉን ሣጥን ከፈተችና ሰርቨሩን እስክታቆመው ድረስ የገቡትን የትናንቱንና የዛሬውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ አየች። ሁሉም አሉ። ሰርቨሩን ለመልእክት ከፈተች፤ ሲጠባበቁ የነበሩት ገቡ። ጉንጯን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ሠራተኛው ኮምፒዩተሩን ሲከፍት «የዕለቱ ሐሳብ» እንደ ጎርፍ ወረደበት። ሒሳብ ክፍል፣ ንብረት ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ በየስክሪኑ ላይ ያው ነው። ጥበቃው እንኳ በስልኩ ላይ ዳይሬክተሩ ውኃ ሲጠጣ የሚያሳየውን ፎቶ እያየ «ይሄ ነገር ባለፈው አልሞተም ነበር እንዴ?» ይላል። ኮምጣጤ እየሰማች ለራሷ ትስቅ ነበር፤ ስትስቅ የሚያማትን ጉንጯን ይዛ።

ዳይሬክተሩ በየክፍሉ የሚዞርበት ቀን ነበር። ሒሳብ ክፍል ሲገባ ስክሪኑ ላይ የራሱን ስም አየ። ንብረት ክፍል ገባ፤ የራሱን ስም አየ። ላቦራቶሪ ገባ፤ ራሱን ሪባን ሲቆርጥ አየ። በየደረሰበት እርምጃው እየቀለለ፣ ደረቱ እየሰፋ ሄደ። ሰዎቹ በድንጋጤ ስክሪናቸውን ሊዘጉ ሲሯሯጡ ትሕትና መስሎት «ግድየለም፣ ግድየለም» ይላቸዋል።

ኮምጣጤ የጥገናውን ውጤት ልትነግረው ቢሮው ደጃፍ የደረሰችው እሱ ዙሩን ጨርሶ ሲመለስ ነው። ዳይሬክተሩ በጸሐፊው ጠረጴዛ በኩል ሲያልፍ ቆም አለ። ጎንበስ ብሎ ስክሪኗን አየ። ቆየ። የእህቷ ሣጥን ከማንም ይበልጥ ሞልቶ ነበር። ማጽጃው ከቆመ ወዲህ የተላከው ሁሉ አንድም ሳይቀር ከላይ ተደርድሯል፤ የጠዋቱም፣ የማብራሪያውም፣ የበዓሉም፣ የጎማውም።

«ሌላው ሰው ጥቂት ጥቂት አስቀምጧል» አለ ዳይሬክተሩ፣ ድምፁ ለሰለሰ። «አንቺ ግን ሁሉንም ነው ያስቀመጥሽው። ሁሉንም!»

ኮምጣጤ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። በዚያ ቤት ውስጥ ይህ ነገር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ናት። የተመለሰው የተጣለው ነው። ሒሳብ ክፍሉ ከአምስቱ አራቱን ጥሎ ይሆናል፤ ጥበቃው ሲሰለቸው ይሆናል። እህቷ ግን አንድም አላስተረፈችም። ይህን ያህል ጥንቅቅ ያለ ነገር በእጅ እንደማይሠራ ኮምጣጤ ታውቃለች። እህቷ ከሱ ስም የመጣ ሁሉ ዓይኗ ሳያርፍበት በቀጥታ እንዲጠፋ አድርጋ ኖሯል! ያቺ «አቤት ጌታዬ» የምትለው፣ ያቺ ኮቱን የምታለብሰው!

ታላቅ እህቷ ከወንበሯ ተነሳች። ፊቷ ላይ አንዲት ጡንቻ አልተንቀሳቀሰችም። «እንዴ ጌታዬ! ይህ እንዴት ይጣላል?» አለች።

ኮምጣጤ አፏን በመሐረብ ያዘች። እውነቱን ለመናገር ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። «የተመለሰው እኮ የተጣለው ነው» ብትል ሰውዬው እዚያው እንደ ፊኛ ይሟሽሽ ነበር። ዕድሜ ልኳን የጠበቀችው ቀን ነው። ግን እህቷን አየቻት፤ እህቷም አየቻት። ዓይኗ «እስኪ አንዴ ዝም በይ» ይል ነበር። ኮምጣጤ ዋጠችው።

እህቷ ቀጠለች፤ ያው ትሑት ድምፅ ነው። «እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጌታዬ፣ በየሰዉ ዘንድ እንዲህ ተጠብቆ ካለ፣ እርስዎ ጋ ያለው ቅጂ ደግሞ ምን ያደርጋል? ለሚመጣው ታሪክ ቦታ አጣ እኮ። የእርስዎን ሣጥን ባዶ አድርገው አዲስ ቢጀምሩስ? አሮጌውን ሕዝቡ ይዞልዎታል።»

ዳይሬክተሩ አገጩን ዳበሰ። ኮምጣጤ ቢሮው ድረስ ወጥታ፣ አስጠንቅቃ፣ ተሳልቃ ያላገኘችው ነገር በሰውዬው ፊት ላይ ቀስ እያለ ሲበራ አየች።

«ሕዝቡ ይዞልኛል» አለ። «እውነትሽን ነው። ባለሙያዋ የት አለች? አጽጂው!»

«ሰነዶቹን፣ ውሎችን፣ የሥራ ደብዳቤዎችን አልነካም» አለች ኮምጣጤ። «የዕለቱን ሐሳብና ፎቶዎቹን ብቻ። እርግጠኛ ነዎት?»

«አጽጂው ብያለሁ!»

ደረጃውን እንደወረደች ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችና ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቆይታ እህቷ መጣች።

«እትዬ! ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«አታድርቂኝ! ኢሜይሉን በቀጥታ ወደ ጥራጊ የምትልኪው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሰውዬው በተሾመ በሳምንቱ» አለች እህቷ ወንበር እየሳበች። «ሥራ ያስፈታኛላ። እንዴት እንደሚደረግ ያሳየሽኝ ራስሽ ነሽ፤ ለሱቅ ማስታወቂያ ነው ብዬሽ።»

«እኔኮ ታከብሪዋለሽ ብዬ…»

«ማንን? እሱን?» እህቷ ፊቷን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አኮማተረች። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ኮምጣጤ ያን ፊት አይታው አታውቅም። «አንቺ የናቅሺውን ሰው ሁሉ ፊቱ ላይ ትናገሪና ደም ፍላትሽን ይዘሽ ትገቢያለሽ። እኔ የናቅሁትን ሰው ኮቱን አለብሰውና በሰዓቱ ወደ ቤቱ እልከዋለሁ። በይ ሥራሽን ሥሪ፤ ሐሳቡን ሳይለውጥ።»

ሠራች። አስቀድማ ቅጂ ያዘች። በእጇ ፋይል አልነካችም፤ በሰርቨሩ በራሱ ትዕዛዝ፣ ከዳይሬክተሩ ሣጥን፣ እሱ የላከው፣ «የዕለቱ ሐሳብ» የሚል ርዕስ ያለው ብላ ለይታ መጀመሪያ ዝርዝሩን ብቻ አየች። ትክክል መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ አጠፋችው። ከዚያ ለሠራተኛው «ሣጥናችሁን አይታችሁ የማትፈልጉትን አጥፉ» የሚል አጭር መልእክት ላከች። ቤቱ ሁሉ ለምሳ ሳይወጣ ጎርፉ ደረቀ። በመጨረሻ ያቆመችውን የማጽጃ ትዕዛዝ መልሳ አስነሳችው፤ ጆንያዎቹ ተራገፉ። ዲስኩ ከግማሽ በላይ ባዶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከካሜራው እንደወጣ ያልተቀነሰ ፎቶ የላከ ሰው ቢኖር ሰርቨሩ ራሱ አሳንሶ እንዲያስተላልፈው አደረገች።

በሳምንቱ መጨረሻ ዳይሬክተሩ አዲስ ኢሜይል ላከ። «በአመራሩ አርቆ አሳቢነት የሰርቨሩ ችግር ከሥሩ ተፈታ» ይላል። ኤክስፐርቱ የምስጋና የምስክር ወረቀት ሲቀበል የሚያሳይ ፎቶ አለበት። ሁለተኛው ፎቶ ላይ ዳይሬክተሩ ደረጃው ሥር ገብቶ፣ እጁን በክብር ሰርቨሩ ላይ አሳርፎ ቆሟል። እጁ ያረፈው ግን ሰርቨሩ ላይ ሳይሆን መብራት ሲጠፋ የሚያገለግለው የባትሪ ሣጥን ላይ ነበር። ኮምጣጤ ፎቶውን አየችና፣ ልትለው የምትችለው ስድብ ሁሉ አነሰባት። አጠፋችው።

ከዚያ ተነስታ ወደ ደም ክፍሉ ሄደች። አዛውንቱ ከማቀዝቀዣው ፊት ቆመው የከረጢቶቹን ምልክት እያነበቡ ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ» አለች። ማጽጃውን በእልህ እንዳቆመችው ነገረቻቸው። ሰበብ አልጨመረችም፤ ዳይሬክተሩንም አላነሳችም። «ካሁን በኋላ ሰርቨሩ ላይ አንድ ነገር ሲያሳስበኝ ከማንም በፊት ለእርስዎ ነው የምነግረው» አለች።

አዛውንቱ ከረጢቱን መልሰው አስቀመጡና የማቀዝቀዣውን በር ዘጉ። «መናገርሽ ጥሩ ነው» አሉ። «ምንም አይደል» አላሏትም፤ ትጠብቅ ነበር። ስልኩ ጮኸና አነሱት። ከአንዱ ሆስፒታል ነበር፤ ጥያቄያቸው ደርሶ እንደሆነ ሊያረጋግጡ። አዛውንቱ ወደ ስክሪኑ አጎነበሱ።

«ደርሷል» አሉ በስልኩ። «አዎ፣ እያየሁት ነው። ሾፌሩ ወጥቷል።»

ኮምጣጤ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች።